ስለ ጨዋታ፤ የልጆችን ልብ የሚወስደው ጥበብ ምንድር ነው?

ጨዋታ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ነገር ነው። ሕፃን አጥርቶ ከመናገሩ አስቀድሞ ይጫወታል፤ ሽማግሌም ጕልበቱ በደከመ ጊዜ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠጠር ይደረድራል። ስለዚህ ይህ የቤተ ሰብ ዓምድ ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና፥ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ እንደሚጽፍ ሁሉ ስለ ጨዋታም ሊጽፍ ይገባዋል ብለን አሰብን። ይልቁንም ዛሬ ከጠጠርና ከእንጨት ጨዋታ ሌላ በኤሌክትሪክ መስኮት ላይ የሚታየው የቪዲዮ ጨዋታ ወደ ከተማውም ወደ ገጠሩም ስለ ገባ፥ አባቶችና እናቶች ስለ ጠባዩ ሊያውቁት የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

ወላጆች አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፤ «ልጃችን መጽሐፍ አንብብ ቢሉት ግማሽ ሰዓት አይቀመጥም፤ ቡና ገዝተህ ና ቢሉት መንገድ ላይ ይቀራል፤ የስልክ ጨዋታ ከያዘ ግን ምግብና ውሃ ሳይጠይቅ ከቀትር እስከ ምሽት ይቀመጣል። ይህ ነገር ምን ቢኖረው ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አስማት ወይም የልጁ ክፋት አይደለም፤ በብዙ ድካም የተጠና የሥራ ጥበብ ነው። የሚሠራበትን መንገድ ያወቀ ወላጅ ልጁን በቍጣ ሳይሆን በዕውቀት ይመራዋል።

ነገሩን ከቅርብ ለማስረዳት ጎብዬን ምሳሌ እናድርግ። ጎብዬ በሰሜን ወሎ፥ በራያ ቆላ፥ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ትልቁ መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አገሩ ሜዳማና ሞቃት ነው፤ ማሽላና ጤፍ ይዘራበታል። ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ ወፍ ይወርድበታል፤ ከወፎችም ሁሉ የከፋው ግሪሳ የተባለው ነው፤ እንደ ደመና ተጠቅልሎ መጥቶ ያረፈበትን ማሳ አራቁቶ ለገበሬው አገዳውን ብቻ ትቶለት ይነሣል። ስለዚህ የገበሬው ልጅ በማሳው መካከል ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ይወጣል፤ ወንጭፉን ይዞ፥ ድምፁንም ከፍ አድርጎ እየጮኸ የቤተ ሰቡን የዓመት እንጀራ ይጠብቃል።

ይህን ልጅ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ልጁ ሥራው ከባድ ሲሆን አእምሮው አይባክንም። ምክንያቱም አራት ነው። አንደኛ፥ የሚፈለግበት ነገር አንድና ግልጽ ነው፤ ወፉ እሸቱን እንዳይበላ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፥ ለሠራው ሥራ መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ ጠጠሩ ከወንጭፉ እንደ ወጣ ወፉ መነሣቱን ወይም አለመነሣቱን በዓይኑ ያያል። ሦስተኛ፥ ሥራው ከችሎታው ጋር አብሮ ያድጋል፤ ባለፈው ሳምንት ጠጠሩ ያልደረሰበትን ርቀት በዚህ ሳምንት ይደርስበታል፥ መንጋውም አንድ ጊዜ ሲያንስ አንድ ጊዜ ሲበዛ ብልሃቱን ይፈትንበታል። አራተኛ፥ ዓይኑም ጆሮውም እጁም በአንድ ነገር ላይ ተሰብስበዋል። እነዚህ አራቱ በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ የሰው ልብ ይመሰጣል፤ የጊዜውንም መሄድ አያውቅም።

አሁን ከጎብዬ ማሳ ወደ ጃፓን አገር እንሻገር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓመት (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በታይቶ ኩባንያ የሚሠራ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ሰው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ ስሙ ከሕዋ የመጡ ወራሪዎች እንደ ማለት ነው። በመስኮቱ ላይ ወራሪዎቹ በሰልፍ ሆነው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ከታች ሆኖ ወደ ላይ እየተኰሰ ይከላከላል። በማማ ላይ የቆመው የራያ ልጅ ይህን ጨዋታ ቢያሳዩት ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል፤ የመንጋው አወራረድና የጠባቂው ጭንቀት ለእርሱ አዲስ አይደለምና።

ኒሺካዶ ጨዋታውን ሲሠራ አንድ ያላሰበው ነገር ገጠመው። የዚያን ጊዜው ኮምፒዩተር ኀይሉ ትንሽ ስለ ነበረ ብዙ ወራሪዎችን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይከብደው ነበር፤ ወራሪዎቹ እየተመቱ ባነሱ መጠን ግን ሥራው ስለሚቀለው የቀሩት እየፈጠኑ ሄዱ። ኒሺካዶ ይህን እንደ ጕድለት ቈጥሮ አላረመውም፤ እንዳለ ተወው። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ድል በቀረበ መጠን ድሉ ይበልጥ ያስቸግረዋል። ከዚህም ጋር አራት ድምፅ ብቻ ያለው ወፍራም ዜማ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፤ ወራሪዎቹ ሲፈጥኑ እርሱም ይፈጥናል፤ የተጫዋቹም መንፈስ ሳያውቀው ከድምፁ ጋር ይቸኵላል። ደግሞ ከሁሉ የበለጠው ነጥብ በመስኮቱ ራስጌ ተጽፎ ስለሚቈይ፥ በኋላ የመጣው ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር እንኳ ለመወዳደር ይነሣሣል።

ሌሎቹም የጥበቡ መሥራቾች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር ጨመሩ። በ1972 ዓመት በአሜሪካ የአታሪ ኩባንያ ያወጣው ፖንግ የተባለው ጨዋታ ኳሷን እንዳያመልጥህ ከሚል ምክር በቀር ይህ ነው የሚባል መመሪያ አልነበረውም፤ ሰው በአንድ አፍታ የሚረዳውን ነገር ቶሎ ይጀምረዋልና። በ1980 ዓመት የናምኮ ኩባንያ ሠራተኛ ቶሩ ኢዋታኒ ፓክማንን ባወጣ ጊዜ ተጫዋቹን የሚያሳድዱትን አራት መናፍስት አንድ ዓይነት ጠባይ አልሰጣቸውም፤ አንዱ በቀጥታ ይከተላል፥ ሌላው ቀድሞ መንገድ ሊዘጋ ይሞክራል። ሁሉም ጥቂት ካሳደዱ በኋላ ወደየማዕዘናቸው ይመለሳሉ፥ ተመልሰውም ያሳድዳሉ። ይህም ተጫዋቹ ትንፋሽ እንዲያገኝ ነው፤ ጭንቀት ያለ ዕረፍት ቢሆን ሰው ጥሎት ይሄዳልና። በ1984 ዓመት ደግሞ በሞስኮ አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን ሠራ። በቴትሪስ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያገጣጠሙ መደርደር ነው፤ የሞላው ረድፍ ይጠፋል፥ የተበላሸው ግን እየተከመረ ይቀራል። እንግዲህ ተጫዋቹ ያማረ ሥራው ከዓይኑ ይሰወርበታል፤ ስሕተቱ ብቻ በፊቱ ይቆማል፤ እርሱን ለማረምም ይቀጥላል።

ነገር ግን ይህ ጥበብ በጃፓንና በአሜሪካ የተጀመረ አይደለም። ገበጣን እንመልከት። ገበጣ ለመጫወት ጕድጓድ የሚቈፈርበት መሬትና እፍኝ ጠጠር ይበቃል፤ እረኛው ከከብቱ አጠገብ፥ ባለ ርስቱም በተጠረበ እንጨት ላይ ይጫወተዋል። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ዓመት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣና የገበጣ ዓይነት ጨዋታዎችን መዝግበዋል። የገበጣው መመሰጥ ከቍጥሩ ነው፤ ተጫዋቹ ጠጠሮቹን ከአንድ ጕድጓድ አንሥቶ አንድ በአንድ ሲዘራ የመጨረሻው ከየት እንደሚያርፍ አስቀድሞ በልቡ ሊቈጥረው ይገባዋል። በብዙ ስፍራም የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ጕድጓድ ካረፈ ያን ደግሞ አንሥቶ ይቀጥላል። አንዱ መዝራት ሌላውን ስለሚወልድ ቈጠራው ያላሰቡት ቦታ ያደርሳል።

መኳንንቱ በቀድሞ ዘመን ይጫወቱት የነበረው የኢትዮጵያ ሠንጠረዥም ከሌላው ዓለም ሠንጠረዥ የሚለይበት ድንቅ ሥርዓት ነበረው። የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፥ እንደ ጦር አዝማች ሰልፉን ያሰናዳል። የጠላቱንም እጅ እያየ የራሱን አሰላለፍ ይለውጣል። ከሁለቱ የአንዱ ሠራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ በተበላ ጊዜ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ በተራ ይሆናል። የጥንቱ ሰዎች በዚህ ሥርዓት የዛሬዎቹ የጨዋታ ሠሪዎች የሚያውቁትን ነገር ቀድመው ዐውቀውታል፤ መጠበቅ ልብን ያበርዳል፤ እጅ ሥራ ካልፈታ ግን ልብም አይባክንም።

የዚህን ነገር ሳይንስ አጥብቆ ከመረመሩት አንዱ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው ከሀንጋሪ ወላጆች የተወለደ ሊቅ ነው። እርሱ ሠንጠረዥ የሚጫወቱትን፥ ገደል የሚወጡትን፥ የሚጨፍሩትንና ቀዶ ጥገና የሚያደርጉትን ሐኪሞች ጠይቆ በ1975 ዓመት መጽሐፍ አወጣ። የደረሰበትም ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ሥራው ከሰውየው ችሎታ ካነሰ ሰውየው ይሰለቻል፤ ከበለጠ ይጨነቃል፤ ሥራውና ችሎታው ከተካከሉ ግን ራሱን ረስቶ በሥራው ውስጥ ይገባል። መልካም ጨዋታ ሠሪ ማለት እንግዲህ ይህን ሚዛን በየደረጃው የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ተጫዋቹ ሲበረታ ጨዋታውንም ያበረታዋል፤ ሲደክም ጥቂት ያቀልለታል።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ ነቀፋ የለበትም። በዚህ መንገድ የሚመሰጥ ልጅ አእምሮው ይሠራል እንጂ አይተኛም። ነገር ግን የቀረ ነገር አለ፤ የወላጆችም ሥጋት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የማሽላ ጠባቂ ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ ወፉ ወደ ማደሪያው ስለሚሄድ ከማማው ይወርዳል፤ ማሽላውም በታጨደ ጊዜ ሥራው ፈጽሞ ያበቃል። ገበጣም ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። በከተሞቻችን ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ደግሞ ልጆች በአብዛኛው የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የሚከፍሉትም በየግጥሚያው ነው፤ ግጥሚያው ሲያልቅ ጆይስቲኩን ለሌላ ያስረክባሉ። በአንዳንድ ስፍራ የተሸነፈው ይከፍላል የሚባል ልማድ ስላለ፥ የተሸነፈው ልጅ ገንዘቡንም ክብሩንም ለማስመለስ ሌላ ግጥሚያ ይለምናል፤ ይህ ክፉ ልማድ ነው። ሆኖም በዚያ ቤት ቢያንስ ጓደኛ አለ፥ ወረፋ አለ፥ የኪስ ገንዘብም መጨረሻ አለው።

በስልክ የሚወርደው ነፃ ጨዋታ ግን ከዚህ ይለያል። ነፃ የተባለው ያለ ዋጋ ስለ ተሰጠ አይደለም፤ ሠሪው ትርፉን የሚያገኘው ልጁ በቈየበት ሰዓት መጠን ከሚታየው ማስታወቂያና በጨዋታው ውስጥ ከሚሸጠው ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ የሚወርድበትን መሰላል ያነሣበታል። አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ሌላው ይከፈታል፤ ዛሬ ካልገባህ የትናንቱ ዋጋህ ይቀርብሃል የሚል ማስታወሻ ይልካል፤ ሊያሸንፍ ጥቂት ሲቀረው ያቆመውና ጥቂት ገንዘብ ብትከፍል ትቀጥላለህ ይለዋል።

ከእነዚህም ሁሉ ብርቱው በዕድል የሚሰጥ ሽልማት ነው። ፌርስተርና ስኪነር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1957 ዓመት ባወጡት መጽሐፍ እርግቦችን በመፈተን እንዳሳዩት፥ መንቍሯን በመታች ቍጥር ሁሉ እህል የሚወርድላት እርግብ ስትጠግብ ትተወዋለች፤ እህሉ መቼ እንደሚወርድ የማታውቀው ግን ሳትሰለች እጅግ ብዙ ጊዜ ትመታለች፤ እህሉ ቢቀርባትም ቶሎ አትተውም። በስልክ ጨዋታ ውስጥ የተዘጋ ሣጥን ተገዝቶ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ አለመታወቁ የዚሁ ሥራ ነው። የቤልጅግ መንግሥት በ1918 ዓመት ሳይሆን በቅርቡ፥ በ2018 ዓመት፥ በገንዘብ የሚገዛውን እንዲህ ያለውን ሣጥን እንደ ቍማር ቈጥሮታል። የቻይና መንግሥትም በ2021 ዓመት ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱት በዓርብ፥ በቅዳሜ፥ በእሑድና በበዓል ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ነገሩን ችላ አላለውም። በ2019 ዓመት በተቀበለውና ከ2022 ዓመት ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሕመም የተባለ ስም ገብቷል። ነገር ግን ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ፥ ልጅ አብዝቶ ስለ ተጫወተ ብቻ በሽተኛ አይባልም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ መጫወቱን መግታት አለመቻል፥ ከሌላው ሥራና ደስታ ሁሉ ጨዋታውን ማስቀደም፥ ጕዳቱን እያየ እንኳ መቀጠል ናቸው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ሲቈይና የቤተ ሰቡን ኑሮ፥ የትምህርቱንም ነገር ሲጐዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ መደብደብ አይረዳም።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ከ2021 ዓመት ወዲህ በሰሜን ወሎ በጦርነት ምክንያት ትምህርት በተደጋጋሚ ተቋርጧል፤ የጎብዬና የቆቦም አገር ከዚህ መከራ አልዳነም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ጥረቱ መልስ የሚያገኝበት ቦታ ይፈልጋል። ዛሬ ቢያጠና ፈተናው መቼ እንደሚሆን አያውቅም፤ ቢሠራ ሥራው ወዴት እንደሚያደርሰው አይታየውም፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ለደከመበት ነገር ሁሉ ወዲያው ነጥብ ይቈጠርለታል፥ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ ደረጃ ይወጣል፥ አድሎም የለበትም። እንግዲህ ልጁን ከመውቀሳችን አስቀድሞ ጨዋታው የሰጠውንና እኛ ያልሰጠነውን ነገር ልንመረምር ይገባናል።

ለወላጆች የምንሰጠው ምክር ጥቂትና በሥራ ሊውል የሚችል ነው። ልጁ በጨዋታ መካከል ሳለ ስልኩን ከእጁ አትንጠቁት፤ ሥራውን ሳይፈጽም እንደ ተነጠቀ ሠራተኛ ይቈጣልና። ይልቅስ አስቀድማችሁ በደቂቃ ሳይሆን በግጥሚያ ቍጥር ተስማሙ፤ «ሁለት ግጥሚያ ተጫውተህ ታስቀምጣለህ» ብትሉት ፍጻሜውን ራሱ ያየዋል። መጨረሻ የሌለውን ጨዋታ ግን የሚያልቅ በሆነው ለውጡለት። የቴሌብርን የምሥጢር ቍጥር ለልጅ አትስጡ። ስልኩም ከልጁ መኝታ አጠገብ አይደር፤ ጨዋታው ሁሉ ቤተ ሰቡ በሚቀመጥበት ስፍራ ይሁን። ከዚህም ጋር አባት ወይም እናት አንድ ቀን ከልጁ አጠገብ ተቀምጠው ጨዋታውን እንዲያስተምራቸው ይጠይቁት። አስተማሪ የሆነ ልጅ ይኰራል፤ ወላጆቹም ጨዋታው ምን እንደ ሆነ በዓይናቸው ያያሉ።

ለመምህራንና ለሹማምንት ደግሞ ከዚህ ጥበብ የሚወሰድ ትምህርት አለ። መምህር የተማሪውን ደብተር ከወር በኋላ አርሞ ቢመልስለት፥ ልጁ ስሕተቱን ከሠራበት ጊዜ ስለ ራቀ አይጠቀምበትም፤ በነጋታው ቢመልስለት ግን ጠጠሩ የት እንዳረፈ እንዳየ ወንጭፈኛ ያርመዋል። ትምህርቱን በትንንሽ ደረጃ ከፍሎ፥ እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው ጥቂት ብቻ ከበድ እንዲል ቢያደርገው ደካማውም ተማሪ ተስፋ አይቈርጥም። ሹምም እንደዚሁ የባለ ጕዳዩን ማመልከቻ ቶሎ መርምሮ እሺ ወይም እንቢ ቢለው፥ ሕዝቡ በሥራው ይተጋል፤ መልስ የሌለው ጥረት ሰውን ሁሉ ያሰንፋልና።

ጥበቡንም ለራሳችን ልናደርገው እንችላለን። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን የሮጭ ዶሮ ጨዋታና የገበጣን ጨዋታ በስልክ እንዲጫወቱት አድርጎ አውጥቷል። ወጣቶቻችን የሰው እጅ ሥራ ተጫዋቾች ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ፥ የሠሪነቱን ትምህርት የሚሹትን መርዳት ለአገርም ለቤተ ሰብም ይጠቅማል።

እንግዲህ ልጅዎ አዲስ ጨዋታ ይዞ ባገኙት ጊዜ ሦስት ነገር ይመርምሩ። ጨዋታው መጨረሻ አለውን? ልጁ የሚያሸንፈው በብልሃቱ ነውን ወይስ በዕድልና በገንዘብ? ሲጨርስስ ለወንድሙና ለእኅቱ የሚነግረው ነገር ይዞ ይነሣልን ወይስ ተቈጥቶና ደክሞ? ለሦስቱም መልካም መልስ የተገኘለት ጨዋታ በቤትዎ ይግባ፤ ያልተገኘለት ግን በቁጣ ሳይሆን ምክንያቱን ለልጁ በማስረዳት ከቤት ይውጣ።